ቋንጣ ደረጃ መውጣት አቆመ፤ ዳክስሁንድ ያሳደጋችሁ እባካችሁ አማክሩኝ (ደሴ)

የሆጤዋ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ እናቴና አንድ ውሻ አለን። ውሻው ዳክስሁንድ ነው። ሰፈር ውስጥ "ቋሊማው" የሚሉት፣ ወገቡ ረጅም እግሩ አጭር የሆነው ዓይነት። ስሙ ቋንጣ ነው። ትንሿ ልጄ ናት ያወጣችለት፤ የመጣ ቀን ቁመቱን አይታ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በሁለት ወሩ በካርቶን ይዞልን መጣ፤ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው።

ቤታችን እንደ ብዙው የደሴ ቤት ዳገት ላይ ነው። ከግቢው በር እስከ ሳሎን አስራ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ቋንጣ ያንን ደረጃ ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ ነው የሚውለው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆሞ አየኝ። ጠራሁት። ጅራቱን ቆላ፣ ግን አልመጣም። ወርጄ ላነሳው ሆዱ ሥር እጄን ሳስገባ ጮኸ። አራት ዓመት አብሮን ሲኖር እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሆዱ ደግሞ እንደ ከበሮ ጠጥሯል። ወገቡን ወደ ላይ አጉብጦ ነው የሚቆመው።

ይራመዳል። ይበላል። ግን ሶፋ ላይ መዝለል ትቷል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጥግ ላይ ይተኛል። ትናንት አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ ስነግራቸው ዲክሎፌናክ ሰጡኝ፤ ግማሽ ግማሹን ስጪው ብለው። ገና አልሰጠሁትም፤ እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ይጠራለት፣ ወገቡ ዞሮ ነው ትላለች። ልጆቹ አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ነው የተኙት። ምን ላድርግ?

ቦርከና ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:58

እህቴ፣ ክኒኑን አትስጪው። ወጌሻም አትጥሪ። ዛሬ ማታ ደረጃ አይውጣ፣ አይዝለል፣ ከልጆቹ ጋር አይጫወት። ሽንት ሲፈልግ ተሸክመሽ አውጪው። ሌላውን ሁሉ ነገ እንጽፍልሻለን፤ ይህቺን ብቻ አሁን አድርጊ።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ሸጋ የምትባል ዳክስሁንድ አለችን። እንደ ቋንጣ ነው የጀመራት። ብርድ ነው አልን፤ ሐረጎን ወርዶ የሚመጣው ነፋስ መትቷት ነው ብለን ጠበቅን። አምስት ቀን ጠበቅን። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ወደ በሩ መጣች። የፊት እግሮቿ ይራመዳሉ፤ የኋላዎቹ እንደ ጨርቅ ይከተሏታል። ያንን ማየት ለማንም አልመኝም።

ሸጋ ዛሬም አለች። መራመድ የጀመረችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ አሁንም ግራ እግሯ ይጠላለፋል። በመጀመሪያው ቀን አሳርፈናት ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል። ለዚህ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፍልሽ።

የከብት ሐኪም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው የምሠራው። አብዛኛው ሥራዬ በሬ፣ በግና ፍየል ነው። ውሻም ይመጣልኛል፣ ዳክስሁንድም አክሜአለሁ። ከላይ የጻፉት ትክክል ናቸው።

በአከርካሪ አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ። የሌላ ውሻ ዲስክ መሃሉ እስኪያረጅ ድረስ እንደ አጃ ገንፎ ለስላሳ ነው። ዳክስሁንድ ላይ ግን ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው መድረቅና መጠጠር ይጀምራል። እግሩን ካሳጠረው የዘር ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሲዘል ወይም ሲታጠፍ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት፣ የደረቀው መሃል ወደ ላይ ወጥቶ ሕብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። ከአራት ወይም ከአምስት ዳክስሁንድ አንዱን በዕድሜው ውስጥ ያገኘዋል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ቋንጣም እዚያው ዕድሜ ላይ ነው። የሆዱ መጠጠር የሆድ በሽታ አይደለም፤ ወገቡን ሲያመው ጡንቻውን አጥብቆ ይዞ ነው።

አሁኑኑ ሦስት ነገር እዪልኝ።

ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሚውና የኋላ መዳፉን ቀስ ብለሽ ገልብጪው፤ የመዳፉ ጀርባ ወለሉን እንዲነካ። ጤነኛ ከሆነ ወዲያው ያስተካክለዋል። ተገልብጦ እንዳለ ከቆመ ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው። ሁለቱንም እግር ሞክሪ።

ከዚያ ከኋላው ሆነሽ አረማመዱን እዪ። ይንገዳገዳል? እግሮቹ ይጠላለፋሉ? ጥፍሩ ወለሉን ይፍቃል?

ሦስተኛው ሽንት ነው። በራሱ ይሸናል ወይስ ያንጠባጥባል? ሽንቱን መልቀቅ ካቃተው ወይም እግሩን መጎተት ከጀመረ ጠዋትን አትጠብቂ፤ ያገኘሽውን የእንስሳት ሐኪም ከእንቅልፉ ቀስቅሺ። እግሩ ጨርሶ ስሜት ካጣ ወሳኞቹ የመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ናቸው።

ዲክሎፌናክ የሰው መድኃኒት ነው። የውሻን ጨጓራና አንጀት ያቆስላል፣ ያደማል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው ነው። ፓራሲታሞልንም በግምት መስጠት አይቻልም። ለውሻ የሚሰጥ ማስታገሻ አለ፤ ልኩን ኪሎውን አይቶ የሚወስነው ሐኪም ነው። ነገ ስትሄጂ እስካሁን የሰጠሽውንም ያልሰጠሽውንም በግልጽ ንገሪው። እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የእብጠት ማስታገሻና ስቴሮይድ የሚባለው ሌላው የእብጠት መድኃኒት አንድ ላይ ከተሰጡ ጨጓራውን ሊበሱት ይችላሉ።

ወጌሻን በተመለከተ እናትሽን በአክብሮት ንገሪያቸው። እኔም ወሎ ነው ያደግሁት፤ የወጌሻ እጅ ስንቱን እንዳቀና አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን ከቦታው ወጥቶ የሚመለስ አጥንት የለም። ማሸትና መጎተት የወጣውን ዲስክ የበለጠ ይገፋዋል።

የሆጤዋ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ባትሪ ይዞልኝ ሞከርነው። ቀኙን መዳፍ ወዲያው መለሰው። ግራውን አንድ፣ ሁለት ብዬ እስክቆጥር ቆይቶ ነው የመለሰው። ሲራመድ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሽንቱን አሁን ግቢ ውስጥ በደንብ ሸንቷል።

እናቴም የጻፉትን አነበብኩላት። "እንግዲያስ ይረፍ" ብላ የራሷን ጋቢ አነጠፈችለት።

የከብት ሐኪም
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

የግራው መዘግየት መጀመሩን ያሳያል። ደግነቱ ይራመዳል፣ ይሸናል። ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ እዚያም ጠይቂ። በእጅ አትያዢው፤ ወለሉ ጠፍጣፋ በሆነ ጠንካራ ሳጥን ይሂድ። ባጃጁም ቀስ ብሎ ይንዳ።

ጦሳ ሥር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

እንደምን አደራችሁ። ቋንጣ እንዴት አደረ? እኔ አናጢ ነኝ። ውሻ የለኝም፤ ግን አንድ ደንበኛዬ ለዚሁ ዓይነት ውሻ መወጣጫ አሠርቶኝ ስለነበር ልኩን አውቀዋለሁ። ሶፋሽ ከወለል 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጣውላው ከ1 ሜትር ከ60 አይነስ። አጠር ካለ ዳገት ይሆንበታል፤ ዳገት ከሆነበት ደግሞ ትቶት ይዘላል። ስፋቱ 40 ሳንቲ፣ ግራና ቀኙ ላይ አራት ጣት ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው። ላዩ ላይ ጆንያ ወጥረሽ በትንንሽ ምስማር አስመቺው። ልሙጥ ጣውላ ላይ ጥፍሩ ይንሸራተታል። የምስማሩ ራስ ጆንያው ውስጥ ገብቶ መቅረት አለበት፤ እኔ መጀመሪያ በሠራሁት ላይ አንዱ ወጥቶ መዳፉን ቧጨረው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን በእጄ ዳብሼ ነው የማስረክበው።

አሁን ስለታመመ መወጣጫ አያስፈልገውም፤ ከዳነ በኋላ ነው። እስከዚያ ሳጥኑን ልሥራልሽ? የእንጨቱን ብቻ ትከፍያለሽ።

የሆጤዋ እናት
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

ሐኪም አየው። ያላችሁት ነው። ለውሻ የሚሰጠውን ማስታገሻ ለአምስት ቀን ሰጠው፤ ስድስት ሳምንት ከሳጥን እንዳይወጣም አዘዘ። ኪሎውንም መዘነ። 12 ኪሎ ሆኗል። ለአጥንቱ 9 ወይም 10 ቢሆን ነበር የሚበቃው አለኝ። በጣም አዘንኩ። ስንመግበው የምንወደው እየመሰለን ወገቡ ላይ ስንጭንበት ኖረናል።

ጦሳ ሥር፣ ወንድሜ፣ ሳጥኑን ሥራልኝ። ተባረክ።

ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ። መድኃኒቱን ከወሰደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው መሮጥ ፈለገ። ዳነ ማለት ነው?

የከብት ሐኪም
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:40

አልዳነም። ሕመሙ ቀለለለት እንጂ ዲስኩ እንዳለ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ደስ ስላለው ይለቁታል፣ ይዘላል፣ የቀረው ዲስክ ይወጣል። ማስታገሻ ያለ ዕረፍት ከመስጠት አለመስጠት ይሻላል።

ሳጥኑ እንዲቆም፣ እንዲዞርና ተዘርግቶ እንዲተኛ የሚበቃው ብቻ ይሁን። ለመሮጥ አይብቃው። ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን። ለሽንት ስታወጪው አንድ እጅሽ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ይያዝ፣ ሌላው ቂጡን ይደግፍ፤ ወገቡ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ልጆች ብዙ ጊዜ ብብቱን ይዘው ነው የሚያነሱት። የኋላው ይንጠለጠላል፤ ያ ሁሉ ክብደት ወገቡ ላይ ያርፋል። አስተምሪያቸው። በአንገቱ ማሰሪያ ፋንታም ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ግዢለት።

ልኳንዳ ሰኞ ገበያ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ሥጋ ሻጭ ነኝ። ስለ ኪሎ ስላነሳችሁ አንድ ነገር ልናገር።

እህቴ ምን ስትመግቢው ነበር? አብዛኛው ሰው ለውሻው የወጥ ትራፊ ፈትፍቶ ነው የሚሰጠው። የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ቢቁላላም ያው ነው። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ቀይ ወጡም ሽንኩርት አለበት።

ሌላው ጥሬ ሆድ ዕቃ ነው። ለአረፋም ለፋሲካም በየግቢው በግ ይታረዳል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ሰው ቆርጦ ለውሻ ይወረውረዋል። እኛ በሥራችን በየጊዜው እናየዋለን። ያ ከረጢት የትል ዘር ነው። ውሻው ይበላዋል፣ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ዳብሶት እጁን ሳይታጠብ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት የሰው ጉበት ላይ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር ቅበሩት፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣበት ጥልቀት። ሳንባ ለውሻ ከገዛችሁኝም በደንብ ቀቅሉት።

የተቀቀለ አጥንትም አትስጡ። ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ነው የሚሾለው።

የሆጤዋ እናት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ወንድሜ፣ አታድርጉ ያልከውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ፍትፍት ነበር የሚበላው፤ እናቴ ደግሞ ከእጇ ታጎርሰው ነበር። በጾም ጊዜ ቤታችን ሥጋ ስለማይገባ ሁለት ወር ሊሞላ ሽሮ ፍትፍት ብቻ ይበላ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሩዝ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ ካሮትና አንዳንዴ እንቁላል። በጾምም ለሱ ለብቻው ይቀቀልለታል፤ እናቴም እሺ ብላለች።

የከብት ሐኪም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ልኳንዳ፣ እጅህ ይባረክ። ይህን ነገር እኛ ሐኪሞች ከምንናገረው ይልቅ ካራ የያዘ ሰው ሲናገር ይሰማል። ለትሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም እንዳይረሳ። በሦስት ወሩ ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል። ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው፣ አይወጣም አትበሉ። የታመመ ውሻ በአጥር ሾልኮ ይገባል። ያልታወቀ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም።

አዲስ ጠያቂ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:10

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። እኔ ገና ልወስድ ነው ያሰብኩት። ኮምቦልቻ ነኝ። ጓደኛዬ ቡችላ ሊሰጠኝ ነው። ይህን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ። ልተወው?

ቦርከና ዳር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:55

ወንድሜ፣ አትተወው። ግን ምን እንደምትወስድ አውቀህ ውሰድ።

ዳክስሁንድ ለጌጥ የተፈጠረ ውሻ አይደለም። ጀርመኖች ያዳቀሉት ለአደን ነው። በጀርመንኛ "ዳክስ" ባጀር ማለት ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ጥርሰ ስል አውሬ፤ "ሁንት" ደግሞ ውሻ። እግሩ ያጠረው ጉድጓድ እንዲገባ፣ ደረቱ የሰፋው ከመሬት በታች ትንፋሽ እንዳያጥረው፣ ድምፁ የጎረነነው ላይ የቆመው ባለቤቱ የት እንዳለ እንዲሰማው ነው። ይህንን ከያዝክ ሌላው ሁሉ ይገባሃል። የኔዋ ሸጋ ግቢው ውስጥ የተከልነውን ጤና አዳምና አደስ ነቅላ ጨርሳለች። ብቆጣም፣ በአጥር ብከልልም አልሆነም። በመጨረሻ ጥግ ላይ ሁለት ካሬ የሚሆን አሸዋ ደፋሁላት፤ አጥንት መሳይ መጫወቻ ቀበርኩላት። አሁን የምትቆፍረው እዚያ ነው። ቆፍሪ ተብላ የተፈጠረችን ውሻ አትቆፍሪ ማለት አይሆንም፤ የት እንደምትቆፍር ነው ማሳየት።

ትጮሃለች፤ ድምጿን ብቻ የሰማ ትልቅ ውሻ አለ ብሎ ነው የሚያስበው። አይጥ ታድናለች፤ ስለዚህ የአይጥ መርዝ ግቢህ ውስጥም ጎረቤት ግቢም እንዳይኖር ተነጋገር። በመርዝ የሞተ አይጥ የበላ ውሻ አብሮ ሊመረዝ ይችላል።

ግትር ናት። ስጠራት ሰምታኛለች፣ ግን መጀመሪያ ታስባለች። በቁጣ ምንም አታገኝባትም። በትንሽ ቁራጭ ካሮት ግን የፈለግከውን ትማርልሃለች።

ፍቅሯ ደግሞ ሌላ ነው። ሥራ ውዬ ስመጣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ እግሬ ሥር ትጠቀለላለች። አባቴ ሲታመም ለአሥራ አምስት ቀን ከአልጋው ሥር አልተነሳችም። አባቴ ውሻ ቤት አይግባ የሚል ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ነው በሩን የሚከፍትላት።

ዕድሜውንም አስብ። በደንብ ከተያዘ ከ12 እስከ 16 ዓመት ይኖራል። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው አብሮህ ሊኖር ይችላል።

ፒያሳ ላይ ያደገ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:05

ስለ ጀርመን ስላነሳህ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆች 1972 በተካሄደው የሙኒክ ኦሊምፒክ ምልክቱ ዳክስሁንድ ነበር። ዋልዲ ይባላል፤ የመጀመሪያው ይፋዊ የኦሊምፒክ ምልክት እሱ ነው። የማራቶኑ መንገድም በካርታ ላይ ሲታይ የዋልዲን ቅርጽ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር የተነደፈው። ማሞ ወልዴ ነሐስ ያመጣልን በዚያ መንገድ ላይ ሮጦ ነው። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ነበር፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። የሆጤዋ እናት፣ ይህንን ለልጆችሽ ንገሪያቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

አዲስ ጠያቂ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ግቢያችን የጋራ ነው። አብረውን የሚኖሩት ሐጂ አምስት ወቅት ሰጋጅ ናቸው። ውሻ ሲነካቸው ውዱእ እንደሚያስቸግራቸው አውቃለሁ። ሰላማችንን ላጣ አልፈልግም።

የሆጤዋ እናት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

ወንድሜ፣ ይህንን እኔ ልመልስልህ፤ የኛም ግቢ እንደዚያው ነው።

ቋንጣ ከመምጣቱ በፊት ባለቤቴ የኛን ግቢ ሐጂ ሄዶ አስፈቀደ። ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት። ሐጂ እንዲህ አሉት፦ "ውሻ ማሳደጉ የናንተ ነው። ምራቁ ዕቃዬን ከነካ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ማጠብ አለብኝ። ስለዚህ ዕቃዬ ጋ አይድረስ።" በቃ፣ በዚህ ተስማማን። የውዱእ ጀበናቸውና መስገጃቸው ያለበት በኩል ቋንጣ አይሄድም። ትንሽ የሽቦ አጥር አደረግንበት። ቡና ሲፈላ እኛ ቤት ይመጣሉ። ከአቦል እስከ በረካ ቋንጣ ጓዳ ይቆያል። የራሱ ሳህን አለው፤ ከኛ ዕቃ ጋር አይታጠብም።

ትናንት መታመሙን ሲሰሙ በሩ ላይ ቆመው "እንስሳም አማና ነው፤ በርቱ" አሉን። ሳጥኑ እስኪደርስ ብለው የዕቃ ካርቶን ያመጡልንም እሳቸው ናቸው። ሄደህ ቀድመህ ጠይቃቸው። አታፍርም።

ጦሳ ሥር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:00

ሳጥኑ አልቋል። ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 60። አንዱ ጎን በሽቦ ነው፤ ቤተሰቡን እያየ እንዲተኛ። ከላይ ይከፈታል፣ ጎንበስ ብለሽ ሳትጎትቺ እንድታነሺው።

የሆጤዋ እናት
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:20 (ሁለተኛ ሳምንት)

ሰላም ናችሁ? አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። አለቀሰ። ሽቦውን በመዳፉ ቧጠጠ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሳጥኑን ሳሎን መሃል አደረግነው፤ እኛን ሲያይ ይረጋጋል። ትልቁ ልጄ የቤት ሥራውን እዚያው አጠገቡ ወለል ላይ ነው የሚሠራው።

ያስቸገረን ዝናቡ ነው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ በጉም ከተሸፈነ ፀሐይ ለማየት ቀናት ይፈጃል። ቋንጣ ዝናብ ከሆነ አይሸናም። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ጭቃው ይነካዋል፣ ይበርደዋል፣ ይቆማል፣ ያየኛል። ባለቤቴ ከኩሽናው ጎን በቆርቆሮ ትንሽ ጥላ ሠራለትና ከሥሩ ሣር አነጠፍን። አሁን እዚያ ይሸናል። ሲመለስ ሆዱን በደረቅ ፎጣ አደርቅለታለሁ። ማታ ደግሞ ጅብ ስለሚያልፍ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብቻውን ግቢ አናወጣውም።

የግራ መዳፉ ዛሬ እንደ ቀኙ ወዲያው ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት።

የከብት ሐኪም
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5:00

በጣም ደስ የሚል ነው። አሁን ነው ጥንቃቄው። ስድስቱ ሳምንት እስኪሞላ አንድም ቀን አትቀንሺ።

ቦርከና ዳር
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 5:06

አነበብኩት፣ ለሸጋም ነገርኳት። አይዞሽ እህቴ።

የሆጤዋ እናት
እሑድ፣ ከቀኑ 10:30 (ሰባተኛ ሳምንት)

ስድስቱ ሳምንት ማክሰኞ ሞላ። ሐኪሙ አይቶት ቀስ እያላችሁ ልቀቁት አለን። መጀመሪያ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በማሰሪያ፣ ሜዳ ላይ። ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንጨምራለን። መዘንነው፤ ባለቤቴ አቅፎት ሚዛን ላይ ወጣ፣ ከዚያ ብቻውን ወጣ፣ ልዩነቱን ያዝን። 10 ኪሎ ከ900። የጎን አጥንቱ አሁን ሲዳበስ ይቆጠራል፤ ሐኪሙ እንዲህ ነው የሚፈለገው ብሎናል።

ደረጃው ለቋንጣ ቀርቷል። አስራ አንዱንም ተሸክመን ነው የምናወጣው፤ ለዘለዓለም። ከላይኛው ደረጃ አፍ ላይ የእንጨት መዝጊያ አድርገንበታል፤ በሩ ከተከፈተ ማንም ቢሆን መዝጋት አለበት። ሶፋው ላይ የጦሳ ሥር መወጣጫ አለ። ለመልመድ አራት ቀን ፈጀበት፤ ካሮት በየአንድ ክንዱ እያስቀመጥን።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትንሿ ልጄ ግቢው በር ላይ ቋንጣን አነሳችው። አንድ እጇን ደረቱ ሥር፣ ሌላውን ቂጡ ሥር። ወገቡ ቀጥ ብሏል። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ክብደቱ ያንገዳግዳታል ብዬ ልቀበላት ስል "ተይ እማ፣ ይዤዋለሁ" አለችኝ። አባቷ ከኋላዋ እጁን ዘርግቶ ተከተላት። ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወጣች። ሐጂ በረንዳቸው ላይ ቆመው ይቆጥሩላት ነበር።

አዲስ ጠያቂ
እሑድ፣ ከቀኑ 11:15

እንኳን ደስ አላችሁ። እኔም ቡችላዋን ወስጃለሁ፤ ሐጂን አስፈቅጄ። ሁለት ወር ከአሥር ቀኗ ነው። ከቤት ስንወጣ ክፍል ውስጥ ከምትሮጥና ከወንበር ከምትዘል የምትተኛበት ሳጥን ፈልጌ ነበር። ጦሳ ሥር፣ ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ትሠራልኛለህ?

የሆጤዋ እናት
እሑድ፣ ከቀኑ 11:22

አዲስ አታሠራ። የቋንጣ ሳጥን አለ፤ እኛ ጨርሰንበታል። ነገ ጠዋት ባለቤቴ ለሥራ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በሚኒባስ ይዞልህ ይመጣል። ብርድ ልብሱን አጥቤዋለሁ። ሽቦው ላይ ትንሿ ያሠረችው ቀይ ክር አለ፤ እንዳትፈታው ብላለች።